«ዕጣ» እና «ዕጣ መሰል»፦ በኮምፒዩተር የሚመነጩ ቁጥሮች አሰያየምና የማኅደረ ትውስታ ወሰን

የሙያ ቃላትን ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው ቃል በማጣት ሳይሆን ጽንሰ ሐሳቡን ሳይለዩ ቃል በመፈለግ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሆኖ የሚታየው ነገር በውስጡ ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ሐሳቦችን አቅፎ ሊገኝ ይችላል። የሙያው ሰዎች በልማድ ስለሚለዩአቸው ችግር አይፈጥርባቸውም፤ ተርጓሚው ግን ለአንዱ ቃል አንድ አቻ ሰጥቶ ካለፈ፣ በመጀመሪያው ቋንቋ ሳይጻፍ የታወቀው ልዩነት በአማርኛው ጨርሶ ይጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ራንደም» የተባለውን ቃል ነው። በኮምፒዩተር ሙያ ውስጥ ቃሉ ቢያንስ በሦስት ቦታዎች ይገኛል። አንደኛ፣ «ራም» በሚባለው የማኅደረ ትውስታ ዓይነት ስም ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል የሚወክለው ይህንኑ ቃል ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራም በስሌት ለሚያመነጫቸው፣ ሥርዓት የሌላቸው ለሚመስሉ ቁጥሮች ይነገራል። ሦስተኛ፣ ከተፈጥሮ ክስተት ተለክተው ለሚገኙ፣ ማንም አስቀድሞ ሊያውቃቸው ለማይችል ቁጥሮች ይነገራል። የእኛ ሐሳብ ሦስቱ ጽንሰ ሐሳቦች ሦስት ስያሜዎች ያሻቸዋል የሚል ነው። ልዩነቱ ለቃላት ውበት ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ሁለተኛውን ከሦስተኛው ሳይለይ የተተረጎመ መመሪያ ያነበበ ፕሮግራም ጸሐፊ የሰውን ምስጢር በሚገመት ቁልፍ ሊቆልፍ ይችላል፤ ይህን የመሰለ ጉዳት በእርግጥ የደረሰ መሆኑንም ከዚህ በታች እናያለን። ነገሩን ለመረዳት መነሻችን ማኅደረ ትውስታ ይሆናል፤ በስሌት የሚገኝ ቁጥር ይዋል ይደር እንጂ ራሱን እንዲደግም የሚያስገድደው የማኅደሩ ውሱንነት ነውና።

፩. ማኅደርና ወሰኑ

«ማኅደረ ትውስታ» የሚለው ስያሜ ዛሬ በሰፊው ተለምዷል። የመጀመሪያው ክፍል «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው፤ የብራና መጽሐፍ የሚከተትበትንም የቆዳ ማኖሪያ ያመለክታል። ሁለተኛው ክፍል «አስታወሰ» ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል። ከሁለቱ ነገሩን በትክክል የሚገልጸው የመጀመሪያው ነው። ሰው ሲያስታውስ የትውስታው ስፋት አይለካም፤ ያስታወሰውም ነገር በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል፣ ይለወጣል። ኮምፒዩተር ግን የተሰጠውን ምልክት በታወቀ ቦታ አስቀምጦ ሲጠየቅ ከመመለስ በቀር በሰው አነጋገር የሚያስታውሰው ነገር የለም። የዳዊት ማኅደር በዳዊቱ ልክ ተለክቶ ይሰፋል፤ ከእርሱ የሚገዝፍ መጽሐፍ አይገባበትም። የኮምፒዩተር ማኅደርም እንዲሁ ልክ አለው። በጽሕፈት ቤቶች «የግል ማኅደር» ሲባል የአንድን ሠራተኛ የሰነድ መዝገብ ስለሚያመለክት፣ ከዚህ ጋር እንዳይምታታ የተለመደውን ጥምር ስያሜ ሳያሳጥሩ መያዙ ይመረጣል፤ ተርጓሚው ግን ትኩረቱን «ማኅደር» በሚለው ላይ ሊያደርግ ይገባል።

የልኩ መሠረት ቢት ነው። ቢት 0ን ወይም 1ን ብቻ የሚይዝ ከሁሉ ያነሰ ቦታ ነው። አንድ ቢት 2 ይዞታዎች ብቻ ሊኖሩት ይችላል፤ ሁለት ቢት 4፣ ሦስት ቢት 8፣ አራት ቢት 16 ይኖራቸዋል። ባይት የሚባለው የ8 ቢት ስብስብ 256፣ የ32 ቢት ስብስብ ደግሞ 4,294,967,296 ይዞታዎች አሉት። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የይዞታው ብዛት እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የቢቱ ብዛት የታወቀ እስከሆነ ድረስ የይዞታውም ብዛት የታወቀና መጨረሻ ያለው ነው። ይህን አንድ ነጥብ አንባቢው እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የቀረው ክርክር ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

የማኅደር ወሰን በሁለት መልክ ይገለጣል፤ በትርጉም ሥራም ሁለቱ ሊለዩ ይገባል። አንደኛው የጠቅላላው ማኅደር ማለቅ ነው፤ ፕሮግራሙ ተጨማሪ ቦታ ሲጠይቅ የሚሰጠው ያጣል። ሁለተኛው ለአንድ ቁጥር የተመደበው ቦታ መጥበብ ነው። በአንድ ባይት ውስጥ ምልክት የሌላቸው ቁጥሮች ከ0 እስከ 255 ብቻ ይጻፋሉ። 250 ላይ 10 ሲደመር ውጤቱ 260 መሆን ሲገባው፣ ከ256 በላይ ያለው ብቻ ይቀርና 4 ሆኖ ይጻፋል። ነገሩ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 99,999 ከደረሰ በኋላ ወደ 00,000 የሚመለስበትን መኪና ይመስላል። ለመጀመሪያው «የማኅደር ማለቅ»፣ ለሁለተኛው «የቁጥር ሞልቶ መፍሰስ» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል። ሞልቶ መፍሰስ ብዙ ጊዜ እንደ ስሕተት ቢቆጠርም፣ ቁጥር በማመንጨት ሥራ ላይ ግን ሆን ተብሎ ይሠራበታል፤ በአካፋይ አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ማለት ነውና።

እዚህ ላይ ከ«ራንደም» ሦስት ትርጉሞች የመጀመሪያውን መለየት እንችላለን። ራም የተባለው ማኅደር በዚህ ስም የተጠራው ዕጣ ስለሚጣልበት አይደለም። በመግነጢሳዊ ክር ላይ የተጻፈ ነገር የሚነበበው ክሩን በመጠቅለልና በመዘርጋት፣ ተራውን በመጠበቅ ነው፤ በራም ግን የትኛውንም አድራሻ፣ የፊቱም ሆነ የኋላው፣ በእኩል ጊዜ ማንበብ ይቻላል። ልዩነቱ በተጠቀለለ የብራና ክታብና በተጠረዘ መጽሐፍ መካከል እንዳለው ነው፤ ክታቡ ከላይ ወደ ታች እየተዘረጋ ይነበባል፣ መጽሐፉ ግን በፈቀዱት ቅጠል ይገለጣል። ስለዚህ በዚህ ቦታ የቃሉ ምሥጢር «በፈቀዱት» የሚለው ነው።

፪. ሰንጠረዥ ወይስ ስሌት

በስሌት ቁጥር የማመንጨት ሐሳብ የመጣው ከማኅደር እጥረት ጋር ተያይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ እንደ ጆን ፎን ኖይማንና ስታኒስላቭ ኡላም ያሉ ሊቃውንት የኒውትሮንን ጉዞ የመሰሉ፣ በቀጥታ ለመፍታት የሚያስቸግሩ ጥያቄዎችን ዕጣን በመኮረጅ የሚመረምር ዘዴ ጀመሩ። ዘዴው በሞናኮ በሚገኘው የቁማር ቤት ስም ሞንቴ ካርሎ ተባለ። ለእያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ቁጥር ስለሚያስፈልግ የሚፈለጉት ቁጥሮች እጅግ ብዙ ነበሩ።

አንዱ መንገድ ቁጥሮቹን አስቀድሞ በዕጣ አውጥቶ በሰንጠረዥ ማኖር ነበር። ራንድ ኮርፖሬሽን ከኤሌክትሪክ ነውጥ የተገኙ 1,000,000 አኃዞችን የያዘ መጽሐፍ በ1955 አሳትሟል። ዳሩ ግን ይህን መጽሐፍ በማኅደር ውስጥ ማኖር በዚያ ዘመን የሚቻል አልነበረም። ኢኒያክ የተባለው ቀደምት ኮምፒዩተር መደመሪያዎቹ 20 ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የሚይዙት ባለ 10 አኃዝ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። በ1954 የወጣው አይ ቢ ኤም 704 እንኳ ትልቁ የማኅደር መጠኑ 32,768 ቃላት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቃል 36 ቢት በመሆኑ ድምሩ 1,179,648 ቢት ነበር። አንዱን አኃዝ በ4 ቢት ብንጽፈው የራንድ ሰንጠረዥ 4,000,000 ቢት ይጠይቃል። በነገራችን ላይ «ቃል» እዚህ ላይ ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው የቢት ስብስብ ማለት ነው፤ ስለ ቋንቋ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ «የማኅደር ቃል» ተብሎ መለየት ይኖርበታል።

ስለሆነም ፎን ኖይማን እንዲህ ያለ ዘዴ አቀረበ፦ አንድ ቁጥር ይወሰድ፣ በራሱ ይባዛ፣ ከውጤቱ መካከለኛዎቹ አኃዞች ቀጣዩ ቁጥር ይሁኑ። በዚህ ዘዴ መላው ሰንጠረዥ ቀርቶ አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ይበቃል። ሆኖም ጉድለቱ ወዲያው ታየ። በባለ 4 አኃዝ ቁጥር ብንሠራና 3792 ላይ ብንደርስ፣ በራሱ ሲባዛ 14,379,264 ይሆናል፤ መካከለኞቹ አራት አኃዞች ተመልሰው 3792 ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቁጥር አይገኝም። 6100 ላይ ብንደርስ ደግሞ 2100፣ 4100፣ 8100፣ ከዚያም እንደገና 6100 እያለ በአራት ቁጥሮች መካከል ይሽከረከራል።

ዲ. ኤች. ሌመር በ1949 ያቀረበው ዘዴ የተሻለ ሆነ፤ የያዙትን ቁጥር በአንድ የታወቀ ቁጥር አባዝቶ፣ በሌላ የታወቀ ቁጥር አካፍሎ፣ ቀሪውን መያዝ። ዛሬም በርካታ የፕሮግራም ቋንቋዎች ከዚህ ዘዴ የተወለዱ አመንጪዎችን ይዘው ይገኛሉ።

፫. ከባሕረ ሐሳብ የምናገኘው ምሳሌ

አባዝቶ፣ አካፍሎ፣ ቀሪውን መያዝ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አሠራር አይደለም። የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ የሚሠራው በዚሁ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ የሚገኘው ዓመተ ዓለም ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ፣ በ30 ተገድፎ የሚተርፈው አበቅቴ ይባላል። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7516 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ ወንበሩ 10 ይሆናል። 10 በ11 ሲባዛ 110፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 20፤ የዓመቱ አበቅቴ 20 ነው። በዚሁ መንገድ የቀጣዮቹ አራት ዓመታት አበቅቴ 1፣ 12፣ 23ና 4 ይሆናል።

20፣ 1፣ 12፣ 23፣ 4 የሚለውን ተራ ቀመሩን ለማያውቅ ሰው ብናሳየው፣ ቁጥሮቹ በዕጣ የወጡ ይመስሉታል። ቀመሩን የሚያውቅ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚውለውን አበቅቴ ዛሬውኑ ይናገራል። ዕጣ መሰል ቁጥር ማለት ይህ ነው፤ ዕጣ መምሰሉ በተመልካቹ አለማወቅ ላይ የተመሠረተ ነው።

ምሳሌው ሌላም ነገር ያስተምረናል። ወንበር ከ0 እስከ 18 ያሉትን 19 ቁጥሮች ብቻ ስለሚይዝ፣ ከወንበር የሚወጣ ማናቸውም ስሌት፣ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ከ19 ዓመት በኋላ ራሱን መድገሙ አይቀርም። ማባዣውን ብንለውጥ ተራው ይለወጣል እንጂ ዙሩ ከ19 አይበልጥም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። አመንጪው ለራሱ የያዘው ማኅደር 4 ቢት ከሆነ ዙሩ ከ16፣ 32 ቢት ከሆነ ከ4,294,967,296 ሊበልጥ አይችልም። ቀጣዩ ቁጥር የሚወሰነው አሁን በያዘው ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ይዞት የነበረውን ይዞታ እንደገና የያዘ ዕለት ያለፈበትን መንገድ እርምጃ በእርምጃ ይደግማል።

በ4 ቢት የሚሠራ ትንሽ አመንጪ እንመልከት። የያዝነውን ቁጥር በ5 እናባዛ፣ 3 እንደምር፣ ለ16 አካፍለን ቀሪውን እንያዝ። ከ1 ብንነሣ የምናገኘው 1፣ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12፣ 15፣ 14፣ 9፣ 0፣ 3፣ 2፣ 13፣ 4፣ 7፣ 6 ነው፤ ከዚያም 1 ይመለሳል። አሥራ ስድስቱም ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ወጥተዋል። ነገሩ ዕቁብን ይመስላል፤ እያንዳንዱ ዕቁብተኛ በአንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፣ የደረሰው አይደገምም፣ የመጨረሻው ባለዕጣም ዕጣ ሳይወጣ ይታወቃል። ልዩነቱ ዕቁቡ አዲስ ዙር ሲጀምር ዕጣው እንደገና መጣሉ፣ አመንጪው ግን ያንኑ ቅደም ተከተል መድገሙ ነው። አንባቢው ልብ ካለ ደግሞ ተራው ኢተጋማሽ፣ ተጋማሽ፣ ኢተጋማሽ፣ ተጋማሽ እያለ የሚሄድ መሆኑን ያስተውላል። በእነዚህ ቁጥሮች የገንዘብን ዘውድና ጎፈር የሚኮርጅ ሰው ተጋማሹን ዘውድ፣ ኢተጋማሹን ጎፈር ቢል፣ ሁልጊዜ አንዱ አንዱን ተከትሎ ይወጣለታል።

እንዲህ ያለው ጉድለት በትናንሽ ምሳሌዎች ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተሮች ላይ የተስፋፋው «ራንዱ» የተባለ አመንጪ የያዘውን ቁጥር በ65,539 አባዝቶ ለ2,147,483,648 ሲካፈል የሚተርፈውን ይወስድ ነበር። ጆርጅ ማርሳግሊያ በ1968 ይህን የመሰሉ አመንጪዎች የሚሰጧቸው ቁጥሮች በቡድን በቡድን ተወስደው እንደ ነጥብ ሲቀመጡ በጥቂት ጠፍጣፋ ገጾች ላይ የሚሰለፉ መሆናቸውን አሳየ። የራንዱ ቁጥሮች ሦስት ሦስት ሆነው በኅዋ ውስጥ ሲቀመጡ የሚያርፉት በ15 ገጾች ላይ ብቻ ነው። የቁጥሮቹን ዕጣነት አምነው የተሠሩ ስሌቶችም ሁሉ አጠራጣሪ ሆኑ።

፬. ስያሜው የሚያመጣው ጉዳት

በ1999 አንድ የጥናት ቡድን በኮምፒዩተር መረብ የሚካሄድ የካርታ ጨዋታ እንዴት እንደሚበወዝ መረመረ። የ52 ካርታዎች ቅደም ተከተል ብዛት 8 ተጽፎ 67 ዜሮ የሚከተሉትን ቁጥር ያህላል። በዋዡ ፕሮግራም ግን የሚነሣው ከ32 ቢት ዘር በመሆኑ ከ4,294,967,296 የበለጠ ቅደም ተከተል ማውጣት አይችልም ነበር። ይባስ ብሎ ዘሩ የሚወሰደው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ካለፉት የሰከንድ ሺሕኛዎች ነበር፤ እነዚህም በአንድ ቀን ውስጥ 86,400,000 ብቻ ናቸው። አጥኚዎቹ አምስት ካርታ ብቻ አይተው የቀሩትን ሁሉ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። በ2006 ዴቢያን በተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና ውስጥ ባለው የምስጢር ቁልፍ አመንጪ ላይ የተደረገ ማሻሻያ፣ ዘሩ የሚገኝባቸውን ምንጮች ሳይታሰብ ከሞላ ጎደል አስወገዳቸው። የቀረው በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም መለያ ቁጥር ብቻ ሲሆን ይህም ከ32,768 አይበልጥም። ስሕተቱ በ2008 እስኪገለጥ ድረስ በዚያ ሥርዓት የተሠሩ ቁልፎች፣ በርዝመታቸው እጅግ የጠነከሩ ቢመስሉም፣ አንድ በአንድ ተሞክረው ሊከፈቱ የሚችሉ ነበሩ። ቁልፉ ረዥም መሆኑ አልጠቀመም፤ የዘሩ ምርጫ ጠባብ ነበርና።

ትልቅ ማኅደር መመደብም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በማኮቶ ማትሱሞቶና በታኩጂ ኒሺሙራ ተነድፎ በ1998 የታተመው «መርሴን ትዊስተር» ባለ 32 ቢት 624 ቃላትን ለራሱ ይይዛል። ዙሩም 2 በራሱ 19,937 ጊዜ ተባዝቶ 1 የሚቀነስለት ቁጥር ስለሆነ፣ በሰው ዕድሜ ቀርቶ በዓለም ዕድሜ ተቆጥሮ አያልቅም። ሆኖም በተከታታይ ያወጣቸውን 624 ቁጥሮች ያየ ሰው የአመንጪውን ይዞታ መልሶ አስልቶ ቀጣዮቹን ሁሉ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ የዙር መርዘምና አለመገመት ሁለት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው፤ በአማርኛም በአንድ ቅጽል ሊገለጹ አይገባም።

በሌላ በኩል ዕጣ መሰልነት እንደ ማታለል መቆጠር የለበትም። የሳይንስ ተመራማሪ አንድን ስሌት ደግሞ ለማረጋገጥ ያንኑ የቁጥር ተራ መልሶ ማግኘት ይፈልጋል፤ ያንኑ ዘር ከሰጠ ያንኑ ተራ ያገኛል። በእውነተኛ ዕጣ ይህ አይቻልም። የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚበቃ ለመለየት ግን ሁለቱ ሁለት ስም ሊኖራቸው ያስፈልጋል።

፭. የስያሜ ምርጫ

እስከ ዛሬ በአማርኛ ጽሑፎች ለ«ራንደም» ከቀረቡት መካከል «ዘፈቀደ» እና «ዕጣ» ይገኙበታል፤ በጥናት ጽሑፎች ውስጥ «የዘፈቀደ ናሙና» ም «የዕጣ ናሙና» ም ይነበባሉ።

«ዘፈቀደ» የግእዝ ሐረግ ነው፤ በቀጥታ ሲፈታ «የፈቀደ፣ የወደደ» ማለት ይሆናል። በውስጡ ፈቃድ አለ። በአማርኛም «በዘፈቀደ ሠራው» ሲባል እንደ ፈቃዱ፣ ያለ ሥርዓት፣ ያለ ጥንቃቄ ሠራው ማለት ነው። ለቁጥሮቹ ስያሜ እንዲሆን ብናደርገው በሁለት ወገን እንሳሳታለን፤ ፈቃድ በሌለበት ፈቃድ እናስገባለን፣ በጥንቃቄ የተቀመረውንም ስሌት ግዴለሽነት እናስመስላለን። ይሁን እንጂ ይኸው ቃል ለራም እጅግ የተስማማ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ሐሳብ አንባቢው በፈቀደው አድራሻ መድረሱ ነውና። ስለዚህ «ዘፈቀደ» ለማኅደሩ ይቀመጥ እንላለን።

«ዕጣ» ግን ከፈቃድ ተቃራኒ ነው። ሰዎች ዕጣ የሚጥሉት የማንም ፈቃድ እንዳይገባበት፣ ሁሉም እኩል ዕድል እንዲኖረው፣ የወጣውንም ሁሉ እንዲቀበለው ነው። ዕቁብተኞች ስማቸውን በወረቀት ጽፈው የሚጠቀልሉት በዚህ እምነት ነው። እኩል ዕድልና አስቀድሞ አለመታወቅ የጽንሰ ሐሳቡም ዋና ባሕርያት በመሆናቸው ቃሉ ያለ ጭማሪ ይበቃል። በብሪታንያ ከ1957 ጀምሮ የቁጠባ ሰነድ ዕጣ ለማውጣት የተሠራበት «ኧርኒ» የተባለ መሣሪያ ቁጥሮቹን የሚያገኘው በኒዮን ቱቦዎች ውስጥ ከሚፈጠር የኤሌክትሪክ ነውጥ ነበር፤ ይህ በሙሉ ትርጉሙ ዕጣ ሊባል ይችላል።

በስሌት ለተገኘው ደግሞ «ዕጣ መሰል» እንላለን። «መሰል» ከስም በኋላ እየገባ «ሰው መሰል» እንደሚባለው መልክን እንጂ ባሕርይን የማይጋራ ነገር ያመለክታል። በግእዝ ዘርፍ «ምስለ ዕጣ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ለሰሚው ጆሮ «መሰል» ይቀርባል።

ለዙር «ዐውድ» የሚለውን ከባሕረ ሐሳብ መውሰድ ያጓጓል፤ ዐውደ አበቅቴ 19፣ ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነውና። ሆኖም ዛሬ «ዐውድ» በቋንቋ ጥናትም ሆነ ቋንቋን በኮምፒዩተር በሚመረምሩ ጽሑፎች የንግግርን አካባቢና አገባብ ለማመልከት ጸንቷል፤ በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ትርጉም ሊገባ ስለሚችል «ዙር» ይሻላል። «ቀመር» ም እንዲሁ ከጥንቱ የዘመን ዙር ትርጉሙ ወደ ሒሳብ ደንብ ስለተሻገረ ለዙር መመለስ አይቻልም። ለመነሻው ቁጥር «ዘር» የሚለውን ብንመርጥ ተገቢ ነው፤ ጤፍ የዘራ ጤፍ ማጨዱ እንደማይቀር ሁሉ፣ ያንኑ ዘር የሰጠ ያንኑ ተራ ያገኛል። የትውልድና የነገድ ትርጉሙ ጣልቃ እንዳይገባ «ዘር ቁጥር» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

፮. የቀረቡ ስያሜዎችና ፍቺዎቻቸው

ማኅደረ ትውስታ፦ ምልክቶች በአድራሻ የሚቀመጡበትና የሚነበቡበት፣ መጠኑ የታወቀ የኮምፒዩተር ክፍል።

ዘፈቀደ ማኅደር፦ የትኛውም አድራሻ ተራ ሳይጠበቅ በእኩል ጊዜ የሚደረስበት ማኅደረ ትውስታ፤ ራም።

የማኅደር ማለቅ፦ ፕሮግራም የሚጠይቀው ቦታ ከቀረው ማኅደር መብለጥ።

የቁጥር ሞልቶ መፍሰስ፦ የስሌት ውጤት ከተመደበለት የቢት ብዛት መብለጥና ትርፉ መጣሉ።

ይዞታ፦ ዕጣ መሰል ቁጥር አመንጪ ቀጣዩን ለማስላት በማኅደሩ ያቆየው ቁጥር ወይም የቁጥሮች ስብስብ።

የዕጣ ቁጥር፦ ከተፈጥሮ ክስተት ተለክቶ የሚገኝ፣ በስሌት ሊደገም የማይችል ቁጥር።

ዕጣ መሰል ቁጥር፦ ከዘር ቁጥር ተነሥቶ በስልተ ቀመር የሚሰላ፣ ተራው በመልኩ ዕጣን የሚመስል ቁጥር።

የማይገመት ዕጣ መሰል ቁጥር፦ ያለፉትን ያየ ሁሉ ቀጣዩን በተግባር ሊያሰላው የማይችል፣ ለምስጢር ሥራ የሚበቃ ዕጣ መሰል ቁጥር።

ዘር ቁጥር፦ የአመንጪው የመጀመሪያ ይዞታ የሚወሰንበት ቁጥር።

ዙር፦ አመንጪ ወደ ያዘው ይዞታ እስኪመለስ ድረስ የሚሰጣቸው ቁጥሮች ብዛት።

እነዚህን ስያሜዎች በሥራ ላይ የሚያውል ተርጓሚ «ራንደም» የሚለውን ቃል ባገኘ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ አይሳሳትም። ነገሩ ቁጥር ነው ወይስ በፈቀዱት ቦታ መድረስ? ቁጥር ከሆነ የተለካ ነው ወይስ የተሰላ? የተሰላ ከሆነ የሚፈለገው መልኩ ብቻ ነው ወይስ አለመገመቱም? የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «መሰል» የሚለውን ትቶ «ራንደም» ብቻ ብሎ በሚያልፍበት ጊዜ እንኳ ተርጓሚው ነገሩን ከአገባቡ መርምሮ «መሰል» የሚለውን ሊመልስለት ይገባል። ይህ ከጽሑፉ መራቅ አይደለም፤ በዕጣና በስሌት መካከል ያለው ልዩነት በአማርኛ አንባቢ ዘንድ እንዳይሰወር ማድረግ ነው። ቁልፉን በዚህ ቁጥር የሚሠራው አንባቢ ከፊቱ ያለው መመሪያ የአማርኛው ብቻ ሊሆን ይችላልና።